ተራ ቁጥር አንድ

ሰው ግን ምን ዓይነት ፍጥረት ነው? መጽሐፉን አንብብ ቢሉት ጊዜ የለኝም ይላል፤ ደራሲው ሽሮ ይበላበት የነበረውን ቤት ላሳይህ ቢሉት ግን ቅዳሜውን ሰውቶ፣ የጫማውን ክር አጥብቆ፣ ከተማውን በእግሩ ሲያካልል ይውላል። አልፈርድም፤ እኔም ውያለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ትንሽ የንባብ ማኅበር አለችን። አንድ ቅዳሜ አሥራ ሁለት ሆነን ከአንድ አስጎብኚ ኋላ ተሰልፈን የከተማዋን የጽሑፍ ታሪክ ስንለቅም ዋልን። አስጎብኚው ጃንጥላውን ሽቅብ እየቀሰረ «እዚህ ጋ በነበረው ቤት ውስጥ ያ ትልቅ ልብ ወለድ ተጻፈ» ይለናል። እኛም ቀና እንላለን። ቤት የለም። በቆርቆሮ የታጠረ ባዶ ቦታ ነው፤ ቆርቆሮው ላይ «እዚህ መሽናት ያስቀጣል» የሚል ተጽፏል። አንዷ አባላችን እሱኑ ፎቶ አነሳች። ምን ታድርግ፣ በቦታው የተረፈው ጽሑፍ እሱ ብቻ ነበር።

ጉዞው ሲያበቃ ማኪያቶ ይዘን ተቀመጥንና እንደ ልማዳችን መተራረብ ጀመርን። ተረቡ ወደ እኔ ዞረ። ጡረታ ወጥቼ ሰበታ ቤት ከሠራሁ ወዲህ ወዳጆቼ የሚያዩኝ ወደ ገዳም እንደገባ ሰው ነው። «አንተ እንግዲህ ከፊደል ተፋተህ ከፋብሪካ ጭስ ጋር ነው የምትኖረው» አለኝ አንዱ። ሌላው ደግሞ «ሰበታ ውስጥ የተጻፈ ነገር ቢኖር የቢራ ማስታወቂያ ነው» አለ። ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ሳቄ ግን ከጥርሴ አላለፈም። ያኔ ዝም ብል ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍላችሁም ነበር። ዝም አይነቅዝም ይሉ የለ? እኔ ግን «በሚቀጥለው ወር ሰበታ ኑ፤ የጽሑፍ ጉዞ ምን እንደሆነ አሳያችኋለሁ» ብዬ ፎከርኩ።

አሁን ራሴን ላስተዋውቅ። ሠላሳ ዓመት በማተሚያ ቤት አራሚ ሆኜ ሠርቻለሁ። አራሚ ማለት ሌላው የጻፈውን ሲያቃና ዕድሜውን የጨረሰ፣ ስሙ ግን የትም የማይወጣ ሰው ነው። መጽሐፉ ያማረ እንደሆነ ደራሲው ይመሰገናል፤ ስህተት የተገኘበት እንደሆነ አራሚው ይፈለጋል። ሥራው ደግሞ በሽታ ያወርሳል። የተንጋደደ መስመር ካየሁ እንቅልፍ የለኝም። ለቅሶ ቤት ሄጄ የሟቹን የሕይወት ታሪክ በእስክሪብቶ ሳቃና ባለቤቴ በክርኗ ጎሽማኛለች። ባጃጅ ተሳፍሬ ሾፌሩን «ከባጃጅህ ጀርባ ላይ የጻፍከው ጥቅስ ነቁጥ ይጎድለዋል» ብዬው፣ መንገድ ላይ አውርዶኛል። እና እንዲህ ያለ ሰው ነው ከተማ ላስጎብኝ ብሎ የተነሳው።

ቤቴ የቆመችበት መሬት የኦቦ ገመቹ ነበር። ኦቦ ገመቹ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጥ ያሉ፣ ቀልድ የሚወዱ ገበሬ ናቸው፤ ከማሳቸው ጫፍ ሁለት መቶ ካሬ ቆርሰው ሸጡልኝ። ውሉ በሕግ ፊት የሚቆም አይደለም፤ በሰው ፊት ግን እስከ ዛሬ ቆሟል። ስማቸውን አይጽፉም፤ አውራ ጣታቸውን ነው ያተሙልኝ። እሳቸው ስሜን ጠርተው አያውቁም፤ «ያ ኦላ» ይሉኛል፤ ጎረቤቴ ሆይ ማለት ነው። ላማቸው የወለደች ሰሞን ወተት ሳይልኩልኝ አይውሉም።

ውላችንን የጻፈው ደቻሳ ነው። ደቻሳን የሰበታ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጠረጴዛውን ዘርግቶ ማመልከቻ ሲጽፍ የኖረ የእኔ እኩያ ነው። መጀመሪያ በአማርኛ ይጽፍ ነበር፤ ጊዜው ሲለወጥ ደግሞ በኦሮምኛ መጻፍ ጀመረ፤ ክሱና እንባው ያው ነው። ልዩ የሚያደርገው ግን ይህ አይደለም። ደቻሳ የጻፈውን ሁሉ በካርቦን ወረቀት ግልባጭ ያስቀራል። ቤቱ ውስጥ አንድ ትልቅ የብረት ሣጥን አለችው። በሬ የተሰረቀበት፣ ባሏ ጥሏት የጠፋ፣ ፋብሪካ እጁን የቆረጠው፣ መሬቱ ላይ ችካል የተተከለበት፣ የዚያ ከተማ ሰው ሁሉ በሣጥኗ ውስጥ ተኝቷል። ሣጥኗን የከፈተልኝ ዕለት ልቤ ዘለለ። ሰበታ ልብ ወለድ የላትም ያለው ማነው?

የማስተር ፕላኑ ወሬ ከተማችንን ያመሰበት ጊዜ ነበር። አዲስ አበባ ዙሪያዋን ካሉት ከተሞች ጋር በአንድ ካርታ ልትገባ ነው ተባለ። ካርታውን ያየ ሰው አልነበረም፤ ገበሬ ግን ካርታ ማየት አያስፈልገውም፤ ማሳው ላይ የተተከለውን ችካል ማየት ይበቃዋል። ቡራዩም ሱሉልታም ለገጣፎም ወሬው አንድ ነበር። የእኛ ሰፈር ሃያ ሦስት ገበሬዎች ተሰብስበው ደቻሳ ዘንድ ሄዱና ማመልከቻ አስጻፉ። የዚያን ማመልከቻ ግልባጭ ከሣጥኗ አናት ላይ አገኘሁት። ደቻሳ ወደ አማርኛ እየመለሰ አነበበልኝ። መሐሉ ላይ እንዲህ የሚል አለ፦ «ከተማው ወደ እኛ እየመጣ ነው። እኛ ከዚህ ተነስተን ወደ ማን እንሂድ?» «ይህን ያሉት ኦቦ ገመቹ ናቸው፤ እኔ ቃሉን አልነካሁትም፣ እንዳሉት ነው የጻፍኩት» አለኝ ደቻሳ። ሠላሳ ዓመት ስንቱን ሳርም ኖሬ እንዲህ ያለ አንድም ፊደል የማይቀነስበት ዓረፍተ ነገር ያጋጠመኝ ከስንት አንዴ ነው።

ፊርማዎቹ ግን አሳከኩኝ። እንደ ወጉ ከላይ ወደታች አልተደረደሩም። ሃያ ሦስቱ ስሞች፣ የአንዳንዱ ፊርማ የአንዳንዱ የጣት አሻራ፣ ክብ ሠርተው ወረቀቱን ዞረውታል። አንዱ ተዘቅዝቋል፣ አንዱ ተጋድሟል። ለማንበብ ወረቀቱን እንደ መሪ ማዞር ነበረብኝ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ማመልከቻ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጉዳዩ አይደለም» አለኝ ደቻሳ። «‹መጀመሪያ የፈረመው ማነው?› ነው። ክብ ደግሞ ራስ የለውም። ራስ የሌለውን አንገቱን አይዙትም።»

አደነቅሁ። ግልባጩን ለጉዞው ልዋሰው ስለው ትንሽ አመነታና ሰጠኝ። በር ላይ ስደርስ ከኋላዬ «ክቡን በክብነቱ ተወው» አለኝ። እሺ አልኩት። በእውነት እሺ ብዬ ነበር።

ለእንግዶቼ አንድ አንድ ወረቀት ላድል አሰብኩና ወደ ኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ደቻሳ ባነበበልኝ መሠረት በአማርኛ የገለበጥኩትን ማመልከቻ ልጅቷ እንደ እሳት እየተየበች ጨረሰችው። ስሞቹ ላይ ስትደርስ ቆመች። «ጋሼ፣ በክብ መጻፍ ቀኑን ይፈጅብኛል፤ በዝርዝር ላድርግልዎ?» አለችኝ። ከኋላዬ ተራ የሚጠብቅ ሰው አለ። ግን በወረፋው አላሳብብም፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ ነው ያለኝ። ያ የተዘቃዘቀ ስም ሁሉ ቀጥ ብሎ፣ ቁጥር ተሰጥቶት፣ በአንድ መስመር ሲቆም ታየኝና ሆዴ ቅቤ ጠጣ። አድርጊው አልኳት።

ማን ይቅደም? በፊደል ተራ ላስኬደው አልኩና መልሼ ነውር መሰለኝ። በፊደል ተራ ቢሄድ ትናንት የተዳረ ጎረምሳ ከሽማግሌ በላይ ሊቀመጥ ነው። አገር ያስተማረን ታላቅ ይቅደም ነው። ደግሞስ ያ ወርቅ ቃል የማን ሆነና? «1ኛ ኦቦ ገመቹ» በይ አልኳት። ሌሎቹን በዕድሜ እየገመትኩ አስከተልኩ። ከታች «አዘጋጅ» ብላ ስሜን ልትጽፍ ስትል ከለከልኳት። አራሚ ስሙን አያወጣም፤ ትሕትና መሆኑ ነው። እንዲህ ሆነና ሃያ ሦስት ስም ያለበት፣ የእኔ ስም ብቻ የሌለበት ወረቀት በአሥራ ሁለት ቅጂ ወጣ።

ጉዞው አማረ። ኅዳር ነው፤ ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ጤፉ ታጭዷል። መጀመሪያ ከተማችን ውስጥ ዝነኛ ከሆኑት ዓይነ ስውር መምህር ዘንድ ወሰድኳቸው፤ መምህሩ የብሬሉን ነጠብጣብ በጣታቸው እየዳሰሱ አንድ ገጽ አነበቡልን። ሰበታ ውስጥ በጣት የሚያነብም በጣት የሚፈርምም አለ ብዬ ተራቀቅሁ። ከዚያ የፋብሪካ በር ላይ የተለጠፉ ማስታወቂያዎችን አየን፤ ከደቡብ የመጡ ሴቶች ልጆች ቆመው ስማቸውን ከዝርዝር ይፈልጉ ነበር። መጨረሻ ላይ ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ደረስን። ቅዳሜ ስለነበር ደቻሳ የለም፤ ጠረጴዛው ብቻ በሰንሰለት ታስሮ ቆሟል። ወረቀቱን አደልኳቸውና ጮክ ብዬ አነበብኩ። «እኛ ከዚህ ተነስተን ወደ ማን እንሂድ?» ያልኩ ጊዜ ያ የቢራ ማስታወቂያ ብሎ የተረበኝ ሰው መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። ሌላዋ፣ ጡረታ የወጣች አስተማሪ፣ ወረቀቷን በአራት አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «ይሄንንስ ልጄም ያነበዋል» አለች።

ስንመለስ ኦቦ ገመቹ በራቸው ላይ ቆመው አገኘናቸው። «አካም ጅርቱ! ይሄ ሁሉ እንግዳ አልፎኝ ሊሄድ ነው?» አሉና እርጎ ሳንጠጣ አላሳልፍ አሉን። ስለ ወረቀቱ አልነገርኳቸውም፤ ሌላ ቀን አሳምሬ በኦሮምኛ አስነብብላቸዋለሁ ብዬ አሰብኩ። አዴ ብርቄ፣ ባለቤታቸው፣ የጠጣንበትን ኩባያ እየሰበሰቡ ሲመርቁን ሚኒባሱ ተነሳ።

ከሰዓት በኋላ መንገዱ ተበላሸ። ወደ አዲስ አበባ መውጫው፣ ዓለም ገና ላይ ድንጋይ ተደርድሯል፣ ጎማ ይቃጠላል፣ ልጆች ይሮጣሉ፣ ከዚያ ወዲያ የሰማሁት የተኩስ ድምፅ ነው፤ እኔ ከቤቴ ሆኜ ነው የሰማሁት። የወዳጆቼን ሚኒባስ ሁለት ሰዓት አቆዩት። ሁሉም ወርደው ተፈተሹ። አስተማሪዋ ማታ ደወለችልኝ።

«ያንን ወረቀትህን ወሰዱብኝ» አለች። «የሥነ ጽሑፍ ጉዞ ነው ብላቸው አንዱ የጸጥታ ሰው ቆሞ አነበበው። ጨርሶ ደግሞ እንደገና አነበበው። ማነው ያዘጋጀው ሲለኝ ስምህን ልናገር ነበር፤ ወዲያው ግን ‹ተዪው፣ እዚህ ላይ አለ› ብሎ አጥፎ ኪሱ ከተተው።»

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እያልን ነው ያደግነው። በዕድሜዬ ካገኘኋቸው አንባቢዎች ሁሉ እንደዚያ ሰው በጥንቃቄ ያነበበኝ የለም። የኦሮምኛውን ማመልከቻ ቢያገኘው ምናልባት አያነበውም ነበር፤ በአማርኛ የመለስኩለት እኔ ነኝ። ክቡን ቢያገኘው ምናልባት ያዞረውና ይሰለቸው ነበር፤ ቀጥ ያደረግሁለት እኔ ነኝ።

ሰኞ ጠዋት ኦቦ ገመቹን ወሰዷቸው። በሬ ጠምደው ሳለ ነው የመጡባቸው አሉ። ሌላ ማንንም አልነኩም።

አዴ ብርቄ ስንቅ ይዘው ሄደው ሲመለሱ ደቻሳ ዘንድ ነበርኩ፤ ግልባጩን ልመልስለት ነበር የሄድኩት። ቁጭ ሳይሉ ነው የተናገሩት። «ተራ ቁጥር አንድ ነህ አሏቸው» አሉ። «ሰዎቹን ያሳደመው፣ አስተባባሪው አንተ ነህ፣ በዝርዝሩ ላይ መጀመሪያ ያለኸው አንተ ነህ አሏቸው።» ደቻሳ እኔን አየኝ። ቀስ ብሎ «ክቡ ተራ ቁጥር የለውም» አለ።  ግልባጩን ከእጄ ተቀበለና ሣጥኗ ውስጥ ከቶ ቆለፈ።  አዴ ብርቄ ምን እንደተባለ አልገባቸውም፤ ቡና እንኳ ሳይቀምሱ ልጆች እንዳይርባቸው ብለው ወጡ።

በሳምንቱ ሃያ ሁለቱ ገበሬዎች ደቻሳ ቤት ተሰበሰቡ። ይፈቱልን የሚል ማመልከቻ ሊያስገቡ ነው። ያን ሰሞን እንኳን መፈረም፣ ሦስት ሆኖ መቆምም ያስፈራ ነበር፤ እነሱ ግን መጡ። እኔም ተጠርቼ ሄድኩ። ደቻሳ ጽፎ ጨረሰና ባዶውን የወረቀቱን ግማሽ ወደ እኔ አዞረው፤ እስክሪብቶውንም ዘረጋልኝ። «አንተ ጀምረው» አለኝ። «ክብም ቢሆን የሚጀምረው ሰው ይፈልጋል። ማን እንደጀመረው ከዚህ ክፍል አይወጣም።»

ሃያ ሁለት ሰው አየኝ።  እኔ እኮ አዲስ አበቤ ነኝ አልኳቸው፤ የእኔ ስም ቢገባበት የውጭ እጅ አለበት ይባላል፤ ኦቦ ገመቹን ልጠቅም ብዬ ብጎዳቸውስ አልኳቸው። ንግግሬ አሳማኝ ነበር። ፈሪ ሰው ምክንያት አጥቶ አያውቅም። ገበሬዎቹ እርስ በርስ በኦሮምኛ ተነጋገሩና አንዱ «እውነቱን ነው፣ እሳቸውን አናስቸግር» አለ፤ እንደ ማመስገንም አደረገኝ። እስክሪብቶውን ደቻሳ ራሱ ወስዶ ለሌላ ሰጠው። እነሱ እየተራመዱ በክብ ሲፈርሙ፣ አውራ ጣታቸውን ቀለም ሲያስነኩ፣ እኔ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜ አየሁ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም።

ማመልከቻው መልስ አላገኘም። ከዚያ ወዲያ ከተማው እየባሰበት ሄደ፤ አንዱን ሳምንት ሱቅ ተዘግቶ ይሰነብታል፣ በሌላው ሳምንት አንዱ ቤት ድንኳን ይተከላል። ማስተር ፕላኑ ቀርቷልም ተባለ፤ የሞተውም የታሰረውም ግን አብሮ አልቀረለትም። ደቻሳ ጠረጴዛውን ከአጥሩ ሥር አንስቶ ተፍኪ ወደምትኖረው ልጁ ሊሄድ ሆነ። ሣጥኗን ሲጭን ልረዳው ሄድኩ፤ በአንድ ወገን ጆሮዋን ይዤ አነሳሁለት። መኪናው ሲነሳ በመስኮት ብቅ አለና «ሲፈቱ አንተ ንገራቸው» አለኝ። «እኔ የኖርኩት ሰው የሚለውን እየጻፍኩ ነው። ሰው ያላለውን አልናገርም።»

ክረምት ሲገባ ሃያ ሁለቱ ተራ ገብተው የኦቦ ገመቹን ማሳ አረሱ፤ ጤፍ ዘሩበት፤ አረሙት። ማንም አላዘዛቸውም። በአጥሬ በኩል እያየሁ ከአንዴም ሁለቴ ሻይ ላኩላቸው። ሻይ መላክ ፊርማ አይጠይቅም።

በአሥረኛው ወር፣ መስከረም ሲያልቅ፣ ኦቦ ገመቹ ተፈቱ። ለምን እንደታሰሩ እንዳልነገሯቸው ሁሉ ለምን እንደተፈቱም አልነገሯቸውም። ሁለት ኪሎ ስኳርና ዳቦ ይዤ ሄድኩ። በመንገድ ላይ የምለውን አርሜ፣ ደጋግሜ አርሜ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር አድርጌው ነበር፦ ዝርዝሩን የሠራሁት እኔ ነኝ። ይህችው ናት። ምንም የማይቀነስባት።

ያ ቀጥ ያለ ቁመት ጎብጧል። ዱላ ይዘዋል፤ ግራ እግራቸውን ይጎትቱታል። ሳያቸው እንባዬ መጣ፤ አቅፈው ሳሙኝ። ቤቱ ጭር ማለቱ ግን ገረመኝ። ከእስር የወጣ ሰው ቤት በሰው ይጥለቀለቃል እንጂ ጭር ይላል? አዴ ብርቄ ወተት አቀረቡልኝና ዓይኔን ሳያዩ ወጡ።

«ያ ኦላ፣ አንተ ብቻ መጣህ» አሉኝ። «እነሱንም አላስገባም ብያለሁ።»

«እነማንን?»

«ሃያ ሁለቱን ነዋ!» በዱላቸው መሬቱን መቱት። «ስማኝ። እኔ ጣቴን ያተምኩት በክቡ ግርጌ በኩል ነው፤ አልረሳውም። እዚያ ሲያነቡልኝ ግን ‹አንደኛ ገመቹ› አሉኝ። በወረቀት፣ በቁጥር፣ አንደኛ! ስማችንን የምናውቀው እኛው ነን፤ ከእኛ ውስጥ ካልሆነ ከየት ይወጣል? ተሰብስበው ሽማግሌው ይያዝልን ብለው ነው። ወይ ሁሉም ነው፣ ወይ አንዱ ነው። የትኛው እንደሆነ ስለማላውቅ ሁሉንም ትቻለሁ። ከእድሩም ወጥቻለሁ።»

«ማሳዎን አርሰዋል እኮ» አልኳቸው።

«አዎ አርሰዋል። ሰው ዝም ብሎ ክረምቱን ሙሉ የሌላ ሰው ማሳ ያርሳል? ጥፋቱን የሚያውቅ ነው የሚያርስ።» ወደ ውጪ ጠቆሙኝ። ቀና ብዬ አየሁ። ጉልበት የደረሰው አረንጓዴ ጤፍ መሐል የኦቦ ገመቹ ከብቶች ቆመው ይግጣሉ። ራሳቸው ናቸው ያስገቧቸው።

አሁን በል! አልኩት ራሴን። ያቺ ዓረፍተ ነገር ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረች። ብናገራት ሃያ ሁለት ሰው በዚያው ሰዓት ነፃ ይወጣል፤ ከብቶቹ ከማሳው ይወጣሉ፤ ሽማግሌው ሲሞቱ የሚቀብራቸው ሰው ያገኛሉ። የምጎዳው እኔ ብቻ ነኝ። ሠላሳ ዓመት የሰው ስህተት ሳርም ኖሬ የራሴን አንዲት ስህተት ማረም ይህን ያህል ይከብደኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር። አፌን ከፈትኩ። ኦቦ ገመቹ ግን ቀደሙኝ፤ እጃቸውን ጉልበቴ ላይ ጫኑ።

«አንተ የፊደል ሰው ነህ» አሉኝ። «አዲስ አበባም ወዳጅ አለህ። ያንን ወረቀት ማን እንደጻፈው ፈልግልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም፤ አልበቀልም፤ አርጅቻለሁ። ሳልሞት ግን ልወቀው። ከአንተ በቀር የማምነው ሰው የለኝም።»

«እሺ» አልኳቸው። «እፈልገዋለሁ።»

ወተቱን ጠጣሁት። እስከ መጨረሻው። ሲሸኙኝ እስከ አጥሬ ድረስ አነከሱ፤ ይቅርብዎ ብላቸውም አልተዉኝም።

ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ሆነው። ባገኙኝ ቁጥር «ያ ኦላ፣ አገኘኸው?» ይሉኛል፤ ገና ነኝ እላቸዋለሁ። ከሃያ ሁለቱ አንዱ ባለፈው ሞተ፤ ሬሳው በበራቸው ሲያልፍ ከተቀመጡበት አልተነሱም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚለውን ተረት ያወጣው ሰው ደህና ጎረቤት የነበረው ሳይሆን አይቀርም።

እኔ ግን ቃል የገባሁትን አላጠፍኩም። ሰውየውን ፈልጌ አግኝቼዋለሁ፤ ያደረገውንም አንድ ሳልቀንስ ይኸው ጽፌዋለሁ። እንግዲህ ወደ ሰበታ የምትመጡ ከሆነ የጉዞው መጨረሻ ጣቢያ ይኼ ነው፦ ከፍርድ ቤቱ አጥር ተነስታችሁ፣ የደቻሳ ጠረጴዛ የነበረበትን ባዶ ቦታ አልፋችሁ፣ ቁልቁል ስትወርዱ ከእኔ አጥር ቀጥሎ ያለው የሣር ቤት። በር ላይ ዱላ ይዘው የተቀመጡት ሽማግሌ ኦቦ ገመቹ ናቸው። ማንበብ አይችሉም። አንብቡላቸው እንዳልላችሁ እፈራለሁ፤ አታንብቡላቸው እንዳልላችሁ አፍራለሁ።